የቃሬዛ ሰዓት

ከአዲስ አበባ የመጣውን ፖስታ አርዋ ሦስት ጊዜ አራገፈችው። የወጣው ሁለት ገጽ ወረቀት ብቻ ነው። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። እሷ የምትጠብቃት፣ ለአራት ተጣጥፋ በሰማያዊ እስክሪብቶ የምትጻፈው ወረቀት ግን የለችም።

«ሌላ የለም እንዴ ምናለ? ረስተኸው እንዳይሆን» አለችው ሹፌሩን።

ምናለ በደጎሎ በኩል አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ኢንተርኔቱ መጣሁ ሄድኩ እያለ ሰውን ካማረረ ወዲህ የመካነ ሰላም ሰው ጉዳይ የሚጓዘው በእሱ ኪስ ነው። ፋሩቅ ከአዲስ አበባ ለአርዋ፣ አርዋ ለፋሩቅ የሚጽፉትን ደብዳቤ ሁለት ዓመት ሲያመላልስ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶበት አያውቅም።

«ወላሂ የሰጠኝ ይኸው ነው። ‹ለአርዋ ስጣት› አለኝና ፊቱን አዞረ። እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

አርዋ ወረቀቱን ይዛ ወደምትሠራበት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ገባች። ሳትቀመጥ ማንበብ ጀመረች፤ አንብባ ስትጨርስም አልተቀመጠችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት አገሮች ተጣምረው የእናቶችን ጤና ያጠናሉ። እያንዳንዱ አገር የሰበሰበውን መረጃ ወደ አንድ የጋራ ቋት ያፈሳል። ከዚያ ቋት ቀድቶ ማጥናት የፈለገ ሁሉ፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ተማሪ፣ ጥያቄውን በፕሮፖዛል ጽፎ ይልካል፤ ስምንት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አንብቦ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ሰባ ያገኘ ይቀዳል፤ ያላገኘ ባዶ እንስራውን ይዞ ይመለሳል። አርዋ ቋቱን ከሚሞሉት አንዷ ናት። በመካነ ሰላም ዙሪያ የነፍሰ ጡሮችን ስም፣ የወሊዱን ቀን፣ የሞተችውንና የተረፈችውን ስትመዘግብ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት ስትሞላ ኖራ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቅል ልቅዳ ብላ ጠየቀች።

ስልሳ አራት ሰጧት።

ጥያቄሽ ጠቃሚ ነው ብለዋል፤ ከሃያ አምስት ሃያ አራት። የሰዎችን ምስጢር አጠባበቋንም ወደውታል። ለአቅሟ ከሠላሳ አሥራ ሰባት ሰጥተዋታል፤ ይሁን፣ በዲፕሎማ ከዶክተሮች እኩል ልቁጠር አላለችም። አንጀቷን ያቃጠለው የመጨረሻው ነው። ለመለኪያ ትክክለኛነት፣ ከሃያ አምስት አራት። ከሥሩም ምክንያቱ ተጽፏል፤ «አመልካቿ ርቀትን የገለጹት ‹በቃሬዛ ሰዓት› ነው። ይህ የታወቀ መለኪያ አይደለም። ርቀት በጋራ ቋቱ ውስጥ በኪሎ ሜትር ስለሚገኝ በዚያ መጠቀም ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር!» አለች ጮክ ብላ።

ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ የክትባት ሪፖርት የምትሞላው ሙሉሐረግ ቀና አለች። «ምን ሆንሽ?»

«ወይራ አምባን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ብለሽ ጻፊ አሉኝ!»

ሙሉሐረግ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወይራ አምባ ከጤና ጣቢያው በወፍ መንገድ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው፤ እውነት ነው። ቁጥሩን ከሳተላይት ያወጡት፣ የቦታውን ነጥብ የሰጠቻቸው ደግሞ ራሷ አርዋ ናት። ግን የወይራ አምባ ሴት ወፍ አይደለችም። ምጥ ሲጠናባት የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ወንዶች ተጠራርተው በቃሬዛ ይሸከሟታል፤ ገደሉን ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ማዶውን አቀበት ይወጣሉ። ይህን ሳተላይት አያየውም።

የአርዋ ታላቅ እህት ባሲማ የዛሬ ሦስት ዓመት ጎህ ሲቀድ ከወይራ አምባ በቃሬዛ ወጣች። የዙሁር አዛን ከመሰማቱ በፊት አቀበቱ ላይ ሞተች። የምዝገባው ቅጽ ለሞት ቦታ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፤ «ቤት» እና «ጤና ተቋም»። መንገድ የሚል የለም። ያንን ቅጽ የሞላችው አርዋ ናት። የገዛ እህቷን «ቤት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችባት። ፕሮፖዛሏም የተወለደው ያን ቀን ነው፤ «ቤት» ከተባሉት ስንቶቹ መንገድ ላይ እንደቀሩ ማወቅ ፈለገች። የቃሬዛውን ሰዓት ከእያንዳንዱ መንደር ቅሬ ጠይቃ ሰብስባ፣ ከቋቱ ጋር ልታስተያየው አሰበች።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ከታች ፊርማ አለ። ፊርማውን ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ትራሷ ሥር ያስተኛችው ፊርማ ነው። *ፋሩቅ ሳቢር፣ የገምጋሚ ኮሚቴው ጸሐፊ።*

ያኔ ነው የተቀመጠችው። እንባ መጣባት፤ ግን ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

* * *

ፋሩቅ የሀጂ ሳቢር ልጅ ነው። ሀጂ ሳቢር አንዱ የጭነት መኪናቸው ደሴ ሲገባ ሌላው ይወጣል የሚባልላቸው ነጋዴ ናቸው። አርዋ ደግሞ የቁርኣን አስተማሪው የሸህ ሀቢቡላህ ልጅ፤ በቤታቸው ዕውቀት እንጂ ጥሪት ሞልቶ አያውቅም። ፋሩቅ ልጅ ሳለ እኚሁ ሸህ ፊት ተንበርክኮ ፊደል ቆጥሯል። ከዚያ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ተመራማሪ ሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት መረጃ ሰብሳቢዎችን ሊያሠለጥን መጣና ከአርዋ ጋር ወይራ አምባ ወረደ። መውረድስ ወረደ፤ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። «ኪሎ ሜትሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት እያለከለከ። «አንተ በተቀመጥክ ቁጥር ይጨምራል» አለችው። ሳቀ። ቀና ብሎ ያያት አስተያየት ግን የሳቅ አልነበረም፤ እሷም አይኗን ለመስበር ዘገየች።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው መጣ። ስለ ፍቅር አንድ ቃል የለበትም። «ዛሬ ዝናብ ነው፤ እዚያስ?» ይላል። «አባትሽ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» ይላል። ሴት ልጅ ግን የዝናቡን ወሬ ከዝናብ ወሬ ትለያለች።

ፕሮፖዛሏን በላከች ሳምንት ደብዳቤው ቀጥ አለ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። እናቱ ወይዘሮ ሀያት ገበያ ላይ «ለልጄ ሐኪም ነው የማጨው» ማለታቸውን ሰው ነገራት። አላመነችም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘላት። ሰውየው ወንበር ላይ ወጣ፤ ወንበር ላይ የወጣ ሰው ደግሞ የወጣበትን አቀበት ይረሳል!

ወረቀት አወጣችና አንድ መስመር ብቻ ጻፈች።

«ለባሲማ አራት ሰጠሃት።»

አጥፋ ለምናለ ሰጠችው። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ልቧ ቀለል ይላታል ብላ ነበር። ጭራሽ ከበዳት።

* * *

በአረፋ ሁለተኛ ቀን የሸህ ሀቢቡላህ ቤት በእንግዳ ሞልቷል። የቀድሞ ተማሪዎች ለዚያራ ይመጣሉ፤ እጅ ስመው፣ ዱዓ ተቀብለው ይሄዳሉ። አርዋ ሥጋ ያለበትን ሳህን ይዛ ስትገባ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው አባቷ እግር ሥር ጎንበስ ብሏል። ቀና ሲል ፋሩቅ ነው። ከስቷል።

«ኢድ ሙባረክ አርዋ።»

«ከስንት ነው የምትመኝልኝ? ከሃያ አምስት ነው?»

እንግዶቹ ነገር ሸተታቸውና አንድ በአንድ ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ።

«አርዋ!» አሉ ሸህ ሀቢቡላህ። «እንግዳ እንዲህ ይባላል?»

«አባ፣ አፉ ይበሉኝ። ዛሬ ዝም ካልኩ ባሲማ ትታዘበኛለች።» ወደ ፋሩቅ ዞረች። «የዚያችን ወንዝ ውሃ በእፍኝህ ጠጥተሃል። አቀበቱ ላይ ሦስቴ ተቀምጠሃል። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተህ ‹የታወቀ መለኪያ አይደለም› ብለህ ፈረምክ! ለማን ነው ያልታወቀው? ለወይራ አምባ ሴት? ለቅሬው ትከሻ?»

«እኔ አንድም ነጥብ አልሰጠሁም።»

«ፊርማህ ነው!»

«ጸሐፊ ስለሆንኩ ውጤቱን የማሳውቀው እኔ ነኝ። ያንቺ ፕሮፖዛል ሲነሳ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ።»

«ለምን?»

ፋሩቅ ሸህ ሀቢቡላህን አየ፤ መልሶ አንገቱን ደፋ። ከጀለቢያው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሰጣት። የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ ይላል። ገምጋሚ ሁሉ ፕሮፖዛሎቹን ከማየቱ በፊት የሚሞላው ነው፤ ዘመዱን ወይም ባልንጀራውን እንዳይዳኝ። *ከአመልካቿ ጋር ግንኙነት አለዎት?* አለ። *ካለ ያብራሩ።* በዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል።

«አለኝ። ላገባት የምፈልጋት ሴት ናት። እሷ ገና አታውቅም።»

አርዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ ጋለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህች መስመር ዓመት ታኖራት ነበር።

«ይህን ማን አየው?»

«ኮሚቴው።»

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም።»

«ሰባት የማላውቃቸው ሰዎች አወቁልኝ፣ እኔ ስምንተኛ! ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ አንተ ለኮሚቴ ታመለክታለህ?»

ሸህ ሀቢቡላህ ጺማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከሥሩ ፈገግታ ይሁን ቁጣ አልታየም።

«ቅጹን ከሞላሁ በኋላ ውጤቱ እስኪደርስ ካመልካች ጋር መጻጻፍ ክልክል ነው» አለ ፋሩቅ። «ፖስታው ውስጥ አንድ ቃል ብጨምር ‹ሚስቱን ሊጠቅም ነው› ብለው ጨርሶ ይጥሉብሻል ብዬ ፈራሁ። አማና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታው እንዴት እንደገደለኝ አላህ ያውቃል።»

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!» ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «እኔን ለመውደድህ ቅጽ ሞላህ። ለባሲማስ ምን ሞላህላት? ከስምንቱ ሰው ያንን ገደል በእግሩ የወረደ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ስትወጣ ገደሉም አብሮህ ከክፍሉ ወጣ። የቀሩት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ብቻ አዩ። ምን ያድርጉ? ኮሪደር ላይ ንጹሕ ሆነህ ቆምክ፤ እሷን ግን ለማያውቋት ሰዎች ትተሃት ሄድክ!»

ሸህ ሀቢቡላህ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ልጄ ፋሩቅ፣ ለወደድከው ሰው ዳኛ አለመሆንህ ሀቅ ነው። አስተማርኩህ፤ አልረሳህም። መርሀባ። ግን ምስክርን መደበቅ ወንጀል ነው ብዬም አስተምሬህ ነበር። ዳኛ መሆን አልቻልክም፤ ምስክር መሆንን ማን ከለከለህ?»

«ማንም» አለ ፋሩቅ። «አልጠየቅኋቸውም። መውጣት ብቻ የሚበቃ መስሎኝ...»

«አልበቃም!» አለች አርዋ።

«አልበቃም» አለ እሱም። «ይግባኝ አለ፤ አሥራ አንድ ቀን ይቀርሻል። ግን በቃል አይሰሙም። መለኪያው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ከፈለግሽ ከኮሚቴው እለቃለሁ...»

«ወንበርህን ብትለቅ ለወይራ አምባ ሴት ምን ይረባታል? ተቀመጥበት። ከዚያ በፊት ግን ከእኛ ጋር ወይራ አምባ ትወርዳለህ። አባም በበቅሎ ይመጣሉ። ቃሬዛ ትሸከማለህ።»

«እሸከማለሁ።»

እንዲህ ቶሎ እሺ ይለኛል ብላ አላሰበችም። ንዴቷ የሚደገፍበት ግድግዳ እንደጠፋበት ሰው ተንገዳገደ፤ እሷም ሳህኑን ይዛ ፈጥና ወጣች።

* * *

ወይራ አምባ ጎህ ሲቀድ የቅሬው ወንዶች ተሰበሰቡ። ቃሬዛው ላይ ያሰሩት የባሲማን ክብደት ያህል የሆነ የገብስ ጆንያ ነው። የቅሬው ዳኛ አድማሴ ዙሪያውን ዞሩና ሳቁ።

«በዚህ ዕድሜዬ ገብስ ታሞ ሐኪም ጋ ሲሄድ አላየሁም!»

ሁሉም ሳቀ። አርዋ ሰዓቱን ጻፈች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። አራት ሰዎች ተሸከሙ፣ አንዱ ፋሩቅ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሳቁ አለቀ። ድንጋዩ ይንሸራተታል፤ ፊት ያለው ሲወርድ ኋላ ያለው በጉልበቱ ይሄዳል። ተራ ሲደርስ ሌሎቹ ይቀይራሉ። ፋሩቅ ተቀየር ሲሉት አንዴ ብቻ ተቀየረ። ወንዙ ጋ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ጻፈች። ውሃው ወገብ ድረስ ነው፤ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ተሻገሩ፤ ጻፈች። አቀበቱ ጀመረ።

ከአቀበቱ አጋማሽ በላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። እዚያ ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው ቃሬዛውን አወረዱ። ወንዶቹ ኩፊያቸውንና ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። አድማሴ ገብሱን እንደ ሰው በቀስታ በእጃቸው ደገፉት።

ፋሩቅ አርዋን አያት። ጠየቃት ማለት አይቻልም፤ አይኑ ብቻ ነው የጠየቀው።

«እዚህ ነው» አለችው።

በበቅሏቸው ኋላ ኋላ ይከተሉ የነበሩት ሸህ ሀቢቡላህ ወርደው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። አርዋ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ከሩብ። ከተነሱ አምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሆኗቸዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ቤት» የሚለው ሳጥን ውስጥ የቆየችው እህቷ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተችበት ቦታ ተጻፈላት። እስክሪብቶው ከጣቷ ወደቀ።

አንስቶ የሰጣት ፋሩቅ ነው። የሸሚዙ ትከሻ ደም ነክቶታል። ያለቅሳል፤ አልደበቀም።

«አርዋ፣ ሰባት ሰው ያወቀውን ላንቺ ልንገርሽ» አለ፣ አባቷ በሚሰሙበት ርቀት። «ላገባሽ እፈልጋለሁ። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ተቆጥታለች፤ እኔ ግን አልተመለስኩም። ስወጣ አንቺን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። የጠበቅኩት ራሴን ነው። አፉ በዪኝ።»

አርዋ መልስ ነበራት። አላህ ያውቃል፣ መልሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። ግን ዋጠችው።

«ተነስ» አለችው። «ቃሬዛው ገና አልደረሰም።»

* * *

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ከመንደሩ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። አድማሴ በቅሬው ስም ፈረሙ፤ ተሸካሚዎቹ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችለው አሻራውን አኖረ። ፋሩቅም «ከአመልካቿ ጋር ያለኝን ግንኙነት አስቀድሜ ለኮሚቴው አሳውቄያለሁ፤ የምመሰክረው ትከሻዬ ያየውን ነው» ብሎ ፈረመ።

አርዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የይግባኙን ቅጽ ሞላች። የመጨረሻው ጥያቄ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። *ከኮሚቴው አባላት መካከል ግንኙነት ያለዎት ሰው አለ? ካለ ያብራሩ።*

ከዚያ ጻፈችና ወረቀቱን ለፋሩቅ ሰጠችው።

«አለ። ስሙ ፋሩቅ ሳቢር ነው። ላግባሽ ብሎኛል። አልመለስኩለትም። እናንተ ለእኔ ሳትመልሱ እኔ ለእሱ አልመልስም።»

ፋሩቅ አንብቦ ቀና አለ። «እምቢ ብትዪኝ ይሻለኛል።»

«እሺ ብልህ ‹ለሚስቱ ነው› ይላሉ። እምቢ ብልህ ‹ተጣልተው ነው› ይላሉ። ባሲማ በእኔና በአንተ ነገር እንድትመዘን አልፈልግም። ጥያቄዋ ለብቻው ይቁም።»

«እና እኔ?»

አርዋ ፖስታውን አሸገችና እጁ ላይ አኖረችው። ጣቷን ግን ቶሎ አላነሳችም። ደም የነካውን ትከሻውን አየች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ለማንም ተሰምቷት አያውቅም። ድምጿ ግን ያው የተቆጣችበት ድምፅ ነበር።

«አንተማ መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው። «ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ጠብቅ።»